በአንድ መንገድ ላይ አራት ከተሞች፤ በጀርመን አገር የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጕዞ

በጀርመን አገር መካከል ቱሪንገን የሚባል ክፍል አለ። በደን የተሸፈኑ ኮረብቶችና የስንዴ እርሻዎች የሞሉበት፣ በካርታ ላይ ሲታይ ግን ትንሽ የሆነ አገር ነው። በዚህ አገር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አይዘናህ፣ ጎታ፣ ኤርፉርትና ቫይማር የተባሉ አራት ከተሞች በአንድ ክር እንደ ተሰካ ዶቃ ተሰልፈው ይገኛሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ካለው መንገድ እምብዛም አይበልጥም። ባለፈው ክረምት ጀርመንኛ ከምንማረው መካከል ዐሥራ አራታችን ከሁለት መምህራን ጋራ ወደዚያ ሄደን ስለ ነበረ፣ አራቱን ከተሞች ባንድ ቀን በአውቶቡስ ለማየት ዕድል አግኝተናል። የዚህም ጽሑፍ አሳብ ያየነውንና የተማርነውን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ ሰዓቱ ግን እንደ እኛው ነው።

አስቀድሞ ስለ መንገዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከተሞቹ በመሥመር የተሰለፉት በአጋጣሚ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ወደ ላይፕሲክ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ፖላንድ የሚወስደው ትልቅ የነጋዴ መንገድ በዚህ ያልፍ ነበር። ስሙ በላቲን ‹ቪያ ሬጊያ› ይባላል፤ የንጉሥ መንገድ ማለት ነው። ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የተጫነ ጋሪም ባንድ ቀን የሚሄደው ይህንኑ ያህል ነውና፣ ነጋዴው በየማታው የሚያድርበት ቅጥር ያለው ከተማ ያገኝ ነበር።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ጀርመን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1871 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት አገሪቱ በብዙ ነገሥታትና መሳፍንት የተከፋፈለች ነበረች። በቱሪንገንም አንድ መስፍን ሲሞት ግዛቱን ወንዶች ልጆቹ ሁሉ ይካፈሉት ስለ ነበረ፣ መሬቱ እንደ ውርስ ማሳ እየተቈራረጠ ሄደ። አንዱን ከተማና ጥቂት መንደሮችን ብቻ የያዘ መስፍን በጦር ብዛት ሊመካ አይችልም፤ ስለዚህ በቤተ መንግሥቱ፣ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በቲያትሩና ባስጠጋቸው ሊቃውንት ይፎካከር ነበር። ዛሬ እንግዳ ሰው በአንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ለዋና ከተማ የሚበቃ ግንብ አይቶ ቢደነቅ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡሳችን ከአይዘናህ ተነሣ። ተነሣ ማለቴ ግን ወደ ላይ መውጣቱን ነው፤ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቫርትቡርግ የሚባለው አምባ ተቀምጧልና። በከተማው ውስጥ የሙዚቃው ሊቅ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በ1685 ተወልዷል፤ ነገር ግን መምህራችን ቀኑ አጭር ነው ብለው ስለ ወሰኑ በዚያ አልቆምንም። ሾፌሩ ከግርጌው አወረደንና የቀረውን አቀበት በእግራችን ወጣነው። በዚሁ አቀበት ሕፃናትን እያሳፈሩ የሚያወጡ አህዮች ስላሉ፣ ከሩቅ ባየናቸው ጊዜ ዘመድ ያገኘን ያህል ደስ አለን።

እንደ ትውፊቱ አምባው መሠራት የጀመረው በ1067 ነው። ከሀንጋሪ በአራት ዓመቷ መጥታ በዚህ ያደገችውና ድሆችን በመመገብ የታወቀችው ቅድስት ኤልሳቤጥ የኖረችው በዚሁ ነው፤ ያረፈችውም በ1231፣ ገና በ24 ዓመቷ ነበር። በ1817 ደግሞ 500 ያህል ተማሪዎች ከየዩኒቨርሲቲው በዚህ ተሰብስበው ጀርመን አንድ እንድትሆን ጠይቀዋል። ይህ ሁሉ እያለ፣ ጐብኚው ሁሉ የሚቸኵለው ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ነው።

ማርቲን ሉተር በ1521 በቮርምስ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ የጻፈውን አልክድም ስላለ ከሕግ ውጭ ተደረገ። ያገኘው ሁሉ ቢገድለው አይጠየቅም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የሳክሶኒው መስፍን ፍሬድሪክ የተጠለፈ አስመስሎ በመንገድ አስያዘውና በዚህ አምባ ላይ ሸሸገው። ሉተር ጢሙን አሳድጎ፣ የፈረሰኛ ልብስ ለብሶ፣ ስሙንም ለውጦ ከግንቦት 1521 እስከ መጋቢት 1522 ድረስ ተቀመጠ። በዚያም ጊዜ ውስጥ፣ 11 ሳምንት በሚያህል ጊዜ ብቻ፣ ሐዲስ ኪዳንን ከግሪክ ቋንቋ ወደ ጀርመንኛ መለሰው። መጽሐፉም በመስከረም 1522 በቪተንበርግ ታተመ።

እኔ ወደዚያ ከመሄዴ በፊት መጽሐፍ ቅዱስን በጀርመንኛ መጀመሪያ የተረጐመው ሉተር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ አይደለም፤ ከእርሱ በፊትም የታተሙ የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ነበሩ። ነገር ግን የተተረጐሙት ከላቲን ስለ ነበረና የላቲኑን አካሄድ ስለሚከተሉ፣ ለሰሚው ከባድ ነበሩ። ሉተር ያደረገው አዲስ ነገር እናት በቤቷ፣ ልጅ በመንገድ፣ ተራው ሰው በገበያ እንዴት እንደሚናገር ጆሮውን ሰጥቶ ማድመጡ ነው። በዚያ ዘመን ጀርመኖች በየአገሩ የተለያየ አነጋገር ስለ ነበራቸው፣ ከሰሜን የመጣው የደቡቡን ሰው በደኅና አይሰማም ነበር። ይህ መጽሐፍ በየቤቱ ሲነበብ ግን የአንዱ አነጋገር ለሌላው እየተለመደ ሄደ። በነገራችን ላይ፣ የኢትዮጵያው ዲያቆን ሚካኤል በ1534 እስከ ቪተንበርግ ድረስ ሄደው ከሉተር ጋራ ስለ ሃይማኖት ተነጋግረዋል፤ ሙሉው የሉተር መጽሐፍ ቅዱስ የታተመውም በዚያው ዓመት ነው።

ክፍሊቱ በእንጨት የተለበጠች ናት፤ በውስጧ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ እንዲሁም እግር ለማሳረፊያ ያገለግል ነበር የሚባል የዓሣ ነባሪ አጥንት አለ። ሉተር ሰይጣን ቢፈትነው የቀለም ብልቃጥ ወረወረበት የሚል ታሪክ ስላለ፣ በግድግዳው ላይ የቀለም ነጠብጣብ ይታይ ነበር ይባላል። ዛሬ ነጠብጣቡ የለም፤ ጐብኚው ሁሉ ለማስታወሻ እየፋቀ ወስዶት ልስኑ ረግፏል። ከእኛም አንዱ ወደዚያ እጁን ሲዘረጋ መምህራችን በዓይናቸው ከለከሉት።

ከአይዘናህ እስከ ጎታ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ወደ ከተማው ሲገቡ መጀመሪያ የሚታየው በኮረብታው ላይ የተዘረጋው ነጭ ቤተ መንግሥት ነው። ይህ ፍሪደንሽታይን ይባላል፤ ‹የሰላም ድንጋይ› ማለት ነው። ቀድሞ በዚያው ስፍራ ግሪመንሽታይን፣ ማለትም ‹የቍጣ ድንጋይ› የሚባል ምሽግ ነበረና በ1567 ፈርሷል። መስፍኑ ኤርንስት በዚህ ባዶ ኮረብታ ላይ መሥራት የጀመረው በ1643 ነው። ይህን ዓመት ልብ ማለት ይገባል፤ ከ1618 እስከ 1648 ጀርመንን ያጠፋው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ገና አላበቃም ነበርና። መንደሩ ተቃጥሎ፣ ሕዝቡ በረኃብና በቸነፈር አልቆ ሳለ አንድ መስፍን ‹የሰላም ድንጋይ› ብሎ ቤት መጀመሩ ያስገርማል። ከበሩም በላይ ሰላምና ፍትሕ በሁለት ሴቶች አምሳል ተቀርጸው ሲሳሳሙ ይታያሉ።

ይህ መስፍን ‹መንፈሳዊው ኤርንስት› ይባላል። ቤተ መንግሥቱን ከመጀመሩ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1642፣ የትምህርት ደንብ አወጣ፤ በዚህም ደንብ በከተማም በገጠርም ያሉ ልጆች፣ ወንዱም ሴቷም፣ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዘዘ። በኋላ ጊዜ ሰዎች የጎታ ገበሬ ከሌላ አገር መኰንን ይልቅ የተማረ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሰባቱ ልጆቹ ግን ግዛቱን በ1680 ለሰባት ተካፈሉት።

አሁን ወደዚህ ከተማ ልቤን ወደ ጐተተው ነገር እመለሳለሁ። በ1652 የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ወደዚህ አገር የመጡ አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ነበሩ። ስማቸው አባ ጎርጎርዮስ ሲሆን፣ የአማራ አገር ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ናቸው። ዐፄ ፋሲለደስ የካቶሊክ ሚስዮናውያንን ከኢትዮጵያ ባስወጡ ጊዜ የእነዚያ ወገን ስለ ነበሩ ከአገር ወጡና ሮማ ደረሱ፤ በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በኢትዮጵያውያን ገዳም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ይኖሩ ነበር። በ1649 አንድ የ25 ዓመት ወጣት ጀርመናዊ ለሌላ ጉዳይ ሮማ መጥቶ ሳለ ወደ ገዳሙ ሄዶ በግእዝ ሊያነጋግራቸው ሞከረ። ወጣቱ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ግእዙን የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ ስለ ነበረ መግባባቱ በመጀመሪያ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ሁለቱ ተወዳጁ፤ ሉዶልፍም ወደ ጎታው መስፍን አገልግሎት በገባ ጊዜ መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን አስጠሯቸው።

አባ ጎርጎርዮስ በጎታ የቈዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ አራዊቱና ስለ አዝመራው እየጠየቁ መልሱን ያስጽፉ ነበር። ሉዶልፍ ደግሞ ከእሳቸው ጋራ ተቀምጦ ቃል በቃል ግእዝንና አማርኛን ይማር ነበር። በመኸር አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ፣ ዛሬ በቱርክ ግዛት ባለችው በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍም ኢትዮጵያን ሳያይ ኖረ፤ ነገር ግን በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና የአማርኛን መዝገበ ቃላት በላቲን ጽፎ በፍራንክፈርት አሳተመ። ይህ ሰዋስው ስለ ቋንቋችን ከታተሙት የመጀመሪያው ነው። በታተመ ጊዜ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ይህን ታሪክ በግቢው ጥላ ሥር ሆኜ ለጓደኞቼ የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ፤ መምህራችን ከመነሣታችን በፊት አጥንቼ እንድመጣ አዘውኝ ነበርና። ተናግሬ ሳልጨርስ ክርክር ተነሣ። አንዷ ጓደኛችን፣ እኒህ ሰው እንደ ብርቅ ዕቃ ተጠርተው ከታዩ በኋላ ተሰናበቱ፤ ስሙን የወሰደው ጠያቂው ነው አለች። ሌላው ደግሞ፣ የለም፣ መስፍን አስጠርቶ የሚማርበት ሰው መምህር እንጂ ብርቅ ዕቃ አይባልም ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ለመናገር ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ በታሪኩ መጽሐፍ ውስጥ ስማቸውን በግልጽ እየጠራ ያመሰግናቸዋል፤ ምስላቸውም በመዳብ ተቀርጾ ታትሟል። ለእኔ ግን የጓደኛችን ንግግር ከልቤ አልወጣም። በሰዋስው መጽሐፉ ልባስ ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው ቋንቋ ግን የሰማው ሰው ብቻ ሳይሆን የተናገሩትም ሰው ነው።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ለመግባት ጊዜያችን አልፈቀደም። የምዕራቡን ግንብ ቲያትር ብቻ አየን፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የእንጨት መሣሪያ አሁንም መጋረጃውንና ሥዕሉን ባንድ ጊዜ ይለውጣል። ከዚህም ሌላ ጎታ በካርታ ሥራ የታወቀች ናት፤ ከ1785 ጀምሮ የፔርትስ ማተሚያ ቤት በዚህ ነበር። በ1861 ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን የመራውና በሚከተለው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ የደረሰው የአሳሾች ቡድን የተዘጋጀውም ከዚሁ ከተማ ነው።

ከጎታ ስንነሣ ከአጠገቤ የተቀመጠው ያስተናገደን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። የእኛን ክርክር በደኅና ስላልተከተለ ነገሩን በጀርመንኛ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና ደብተሩን አውጥቶ እርሱም እንደ ሉዶልፍ ሊጠይቀኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔም በኵራት እሺ አልኩት። መጀመሪያ ‹አለ› የሚለውን ጻፍኩለት። ላልቶ ሲነበብ ‹ተናገረ› ማለት እንደ ሆነ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ‹ይገኛል› ማለት እንደ ሆነ አስረዳሁት። ቀጥዬም ‹ገና›ን ጻፍኩ፤ ሲላላ ‹እስካሁን አይደለም›፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል። እርሱ ግን ጽሕፈቱን እያየ፣ ታዲያ የሚጠብቀው ፊደል ምልክቱ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ምልክት የለውም አልኩት። አንባቢው እንዴት ያውቃል? በልምድ ያውቃል። ልምድ የሌለው ሰውስ? በዚህ ጊዜ መልስ አጣሁ። በአማርኛ ፈተና ጥሩ ውጤት አግኝቼ የማውቅ ሰው፣ ‹ይመታል› ስንል መቺውን ወይስ ተመቺውን እንደ ሆነ የምለየው በምን ደንብ እንደ ሆነ መናገር አልቻልኩም።

በዚህ ላይ ሳለን በመስኮቱ በኩል በሦስት ኮረብቶች ላይ የቆሙ ሦስት ግንቦች ታዩ። ‹ሦስቱ ግላይኸን› ይባላሉ። የአንዱ ጌታ ለመስቀል ጦርነት ሄዶ ሲማረክ አንዲት የእስላም መኰንን ልጅ አስመለጠችው፤ እርሱም በቤቱ ሚስት እያለችው ይህችን ይዞ ተመለሰ፤ ሦስቱም በሰላም ኖሩ የሚል ተረት አለ። ተረት መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ቢሆንም አንድ ሰው በሁለት ሴቶች መካከል የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ በኤርፉርት ካቴድራል ውስጥ አይተናል፤ ሴቶቹ ተማሪዎችም በተረቱ ላይ ብዙ ተናገሩ።

ኤርፉርት ከአራቱ ትልቁ ከተማ ነው። ስሙ በጽሑፍ የተገኘው ከ742 ጀምሮ ነው። ሀብቱን የሠራው እንደ ጎመን ባለ አንድ ቅጠል ነው ብል የሚያምነኝ ላይኖር ይችላል። ቅጠሉ በጀርመንኛ ‹ቫይድ› ይባላል። ገበሬዎች ቅጠሉን በትልቅ የድንጋይ መንኰራኵር ፈጭተው እንደ ኳስ እያድበለበሉ ያደርቁታል፤ የከተማው ነጋዴዎች ደግሞ ገዝተው በውሃና በሽንት አርሰው ያብላሉታል። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ቀለም ይወጣዋል። ሽታው ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምት፤ ገንዘቡ ግን አልሸተተም፤ በ1392 ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ከተማው በዚህ ንግድ በበለጸገበት ዘመን ነው። በኋላ ከሕንድ የሚመጣው ኢንዲጎ የተባለው ቀለም በመርከብ እየገባ ገበያውን ወሰደበት፤ ቅጠሉም ተረሳ።

በዚህ ዩኒቨርሲቲ ሉተር ከ1501 ጀምሮ ተማረ፤ በ1505ም በከተማው ካለው የአውጉስጢኖስ ገዳም ገብቶ መነኰሰ። ኢዮብ ሉዶልፍም በ1624 የተወለደው በዚሁ ከተማ ነው፤ በጦርነቱ መካከል መወለዱ ነው። ካቴድራሉ ላይ ለመውጣት 70 ደረጃ አለ። በግንቡ ውስጥ ‹ግሎሪዮዛ› የሚባል በ1497 የቀለጠ፣ ከ11 ቶን በላይ የሚመዝን ደወል ተሰቅሏል። ሲደወል ለመስማት ግን ታላቅ በዓል መጠበቅ ያስፈልጋል።

የነጋዴዎች ድልድይ የሚባለውን ለማየት በጣም ጓጕቼ ስለ ነበረ፣ ከሌሎቹ ቀድሜ በአንድ ጠባብ መንገድ ገባሁ። በግራም በቀኝም የእንጨት አጥንታቸው የሚታይ ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ነው። እስከ መጨረሻው ሄጄ ድልድዩን ባጣሁት ጊዜ አንዲት አሮጊት ሴት ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ሳቁና በእግራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉት። ለካ በድልድዩ ላይ ቆሜ ኖሯል! ቤቶቹ ወንዙን ፈጽመው ስለሚሸፍኑት ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። የእንጨቱ ድልድይ በተደጋጋሚ እየተቃጠለ ቢያስቸግር በድንጋይ የተሠራው በ1325 ነው፤ ዛሬ 32 ቤቶች አሉበት፤ ሰዎችም ይኖሩባቸዋል።

ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ አንድ አሮጌ ምኵራብ አለ፤ የግድግዳው ጥንታዊ ክፍል ከ1094 ገደማ ነው። በ1349 ቸነፈር እየቀረበ ሳለ የከተማው ሰዎች በይሁዲዎቹ ላይ ተነሥተው ገደሏቸው። ምኵራቡም የዕቃ ማከማቻ ሆነ፤ ኋላም ምግብ ቤትና የጭፈራ አዳራሽ ሆነ። ምኵራብነቱ ፈጽሞ ስለ ተረሳ በናዚዎች ዘመን ከመፍረስ ዳነ። በ1998 በአቅራቢያው መሬት ሲቈፈር የብርና የወርቅ ገንዘብና ጌጥ፣ ከነዚህም አንድ የሠርግ ቀለበት፣ ተገኘ፤ በ1349 የተገደለ ባለቤቱ ቀብሮት ሳይመለስ ቀርቷል ተብሎ ይታመናል። በዚሁ ከተማ ቶፕፍና ልጆቹ የሚባል ፋብሪካ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቡኽንቫልድና ለአውሽቪትስ የሬሳ ማቃጠያ ምድጃ ይሠራ የነበረው እርሱ ነው። ሕንጻው ከ2011 ጀምሮ የመታሰቢያ ስፍራ ሆኗል።

ቫይማር የደረስነው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደክሞን ስለ ነበረ ብዙ አልዞርንም። ዮሐን ቮልፍጋንግ ፎን ጎተ በ1775 ወደዚህ ሲመጣ ዕድሜው 26 ዓመት ነበር፤ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1832፣ በዚሁ ኖረ። በዚያን ጊዜ የከተማው ሰው 6,000 ያህል ብቻ ነበር። ጓደኛው ፍሬድሪክ ሺለርም በ1805 የሞተው እዚሁ ነው። ሁለቱ በቲያትሩ ፊት ጐን ለጐን የቆሙበትን ሐውልት ሁሉም ፎቶግራፍ አነሣው። እኔን የነካኝ የአና አማልያ ቤተ መጻሕፍት ነው። በመስከረም 2004 በእሳት ተቃጥሎ 50,000 ያህል መጻሕፍት ጠፉ፤ 62,000 ያህሉ ተጐዱ። ሰዎች ተሰልፈው መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ አወጡ፤ የዳይሬክተሩም እጅ የ1534ቱን የሉተር መጽሐፍ ቅዱስ ከእሳቱ አተረፈ። ቤቱ በ2007 እንደ ገና ተከፍቷል።

ከዚያ አውቶቡሱ ወደ ሰሜን ዞሮ ኤተርስበርግ ወደሚባለው ኮረብታ ወጣ፤ ከከተማው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መምህራችን ይህን ማየት ግዴታ ነው ብለው ነበር። ቡኽንቫልድ ይባላል። ከ1937 እስከ 1945 ድረስ 280,000 ያህል ሰዎች በዚህ ታስረዋል፤ 56,000 ያህሉም ሞተዋል። የብረቱ በር ላይ የተጻፈው ‹ለያንዳንዱ የሚገባው› የሚል ነው፤ ፊደሉም የሚነበበው ከውስጥ ሆኖ ነው፤ እስረኞቹ እንዲያነቡት ታስቦ ነው። ፊደሉን የቀረጸው ፍራንዝ ኤርሊኽ የተባለ እስረኛ ነበር፤ በ1919 በቫይማር በተመሠረተውና ኋላ ወደ ዴሳው በተዛወረው በባውሃውስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ናዚዎች የጠሉትን የዚያን ትምህርት ቤት ፊደል በናዚዎች በር ላይ ጻፈው፤ እነርሱም አላወቁትም። በበሩ ላይ ያለው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ15 ላይ ቆሟል፤ በሚያዝያ 11 ቀን 1945 እስረኞቹ ነጻ የወጡበት ሰዓት ነው። በግቢው ውስጥ የአንድ ትልቅ ዛፍ ጕቶ አለ፤ እስረኞቹ የጎተ ዛፍ ይሉት ነበር። ጎተ ወደዚህ ኮረብታ ለሽርሽር ይወጣ ነበርና።

ሁሉም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቋንቋ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ውስጥ የሆነ ነው። ጧት ያየሁትን ማታ ካየሁት ጋራ የማገናኝበት ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ መምህራችንን ብጠይቃቸውም እሳቸውም እስካሁን እንደሚፈልጉ ነገሩኝ።

ወደ አይዘናህ ስንመለስ ማንም አልዘፈነም። ሾፌሩም ራዲዮውን አልከፈተም። በዚያ አገር በክረምት ፀሓይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ፣ ጎታን ስናልፍ የፍሪደንሽታይን ጣራ ገና ይታይ ነበር። ያን ጊዜ የአጠገቤ ተማሪ ደብተሩን እንደ ገና ከፈተ። ከሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ትንሽ ነጥብ እናድርግ አለኝና፣ እኔ እያነበብኩ እርሱ ነጥቡን ያኖር ጀመር። አንዳንዱን ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ሳነብለት ራሴን ተጠራጠርኩ፤ ከኋላችን የተቀመጡትን ጓደኞቼንም ስጠይቅ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል እያሉ ተከራከሩ።

ስንወርድ በደብተሩ ላይ 23 ቃላት ነበሩ፤ በሰባቱም ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። እነዚያን ሰባቱን ገልብጬ ይዤ መጥቼ ለአማርኛ መምህራችን ሰጥቻቸዋለሁ። እስካሁን አራቱን አስረድተውኛል።